የምድጃ ጠባቂው ስም

ሽማግሌው ከሞታቸው ይልቅ የሚፈሩት ስማቸው አብሯቸው እንዳይቀበር ነበር። ይህን የነገሩኝ ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ገና የመድኃኒታቸውን ሰዓት እንኳ በቅጡ አላጠናሁም። እኔ በልቤ "የደላው ሰው ጭንቀት" ብዬ አለፍኩት። እኛ አገር ሰው ይሞታል እንጂ ስም ይሞታል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። የምኖረው ቴክሳስ ውስጥ ዩለስ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ አውሮፕላን አጸዳለሁ። የወረደው መንገደኛ የጣለውን ለቅመን፣ የሚቀጥለው ሳይገባ ወንበሩን አሰማምረን እንወጣለን። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ፎርት ዎርዝ ሄጄ ሽማግሌውን እጠብቃለሁ፤ ሆም ኬር ይሉታል። ምሳ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ ከሁሉም በላይ ግን ማዳመጥ ነው። የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ እሱም ሳይወልድ በመኪና አደጋ ሞተ። ሴቷ ልጃቸው ዴንተን ትኖራለች፤ ስታገባ እንደ አገሩ ደንብ የባሏን ስም ወሰደች። ሶ፣ ያንን ስም ተሸክሞ የቀረ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም። ልባቸው ደግሞ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቃቸውም።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የፈረንሳይ ስም ነው። የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ምግብ ተበልቶ አያውቅም፤ ከዳር እስከ ዳር የዚያ ስም ወረቀት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ የተገለበጠ፣ ከመቃብር ድንጋይ ላይ የተነበበ፣ ከማያውቋቸው ሰዎች የመጣ ደብዳቤ። የራሳቸውን ማስታወሻ ደግሞ በአራት ማዕዘን ፊደል ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ ፊደል በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ባቡር ቤት ሳሉ የለመዱት ነው አሉኝ።

ታሪኩን ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አልቆጠርኩም። በጥንት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ መንደር ነበር፤ ሰው ሁሉ ሊጡን አቡክቶ የሚያመጣበት አንድ የጋራ ምድጃ ነበረው። ምድጃውን የሚጠብቀውን ሰው መንደሩ በሥራው ጠራው። ልጁ ምድጃ ባይጠብቅም ስሙን ወረሰ፤ የልጅ ልጁም ወረሰ። ከነሱ አንዱ ባሕር ተሻግሮ ካናዳ ብርዳማው ጠረፍ ገባ፤ ረግረጉን ገድቦ አረሰ። በኋላ እንግሊዞች መጥተው ሰዉን በመርከብ እየጫኑ በታተኑት። ባልና ሚስት በተለያየ መርከብ የሄዱ አሉ፤ መንገድ ላይ ያለቁ አሉ። የተረፉት ከብዙ መንከራተት በኋላ ሉዊዚያና ደረሱ፤ ወንዝ ዳር ሰፈሩ፤ ውለው አድረውም፣ ሁለት ትላልቅ ዛፎች ባሉበት ቦታ፣ የሸንኮራ እርሻ ባለቤት ሆኑ። የሽማግሌው አባት ደግሞ ከዚያ ባቡሩን ተከትሎ ፎርት ዎርዝ ገባ።

መጀመሪያ የምሰማው ለይሉኝታ ነበር። መርከቡ ጋ ሲደርሱ ግን ሳህን ማጠቤን አቆምኩ። እኔም በእግሬ ሱዳን የተሻገርኩ ሰው ነኝ፤ ተበትኖ መቅረት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን ወደድኳቸው።

አንድ እሁድ "አንቺስ እስከ ስንት ታውቂያለሽ?" አሉኝ። በጣቴ ሰባት ቤት ቆጠርኩላቸው፤ አባቴ፣ የአባቴ አባት፣ የሱ አባት፣ እያልኩ። ያስተማረኝ አባቴ ነው። አንዱን ስም በደንብ ሳልይዝ ሌላውን አይነግረኝም ነበር፤ "የሚቀጥለው ነገ" ይለኛል፤ እኔም ነገን ስጠብቅ አመሻለሁ። ስታድጊ ሳታውቂ ዘመድሽን እንዳታገቢ ነው ይለኝ ነበር። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። "ወረቀት የላችሁም?" አሉ። "ጭንቅላት አለን" አልኳቸው። ሳቁና ሰባቱንም ስም በዚያ በአራት ማዕዘን ፊደላቸው ጻፉልኝ።

ቀጥለው ከቤተሰቡ ውጭ የመጣ ሰው በስማችሁ ሊጠራ ይችላል ወይ አሉኝ። እኔ ደግሞ ሲያመሰግኑኝ አፌ አይዘጋም። እቴቴ የምንላትን፣ እኛን ያሳደገችንን ሴት አነሳሁ። ከደቡብ ምዕራብ በኩል በሕፃንነቷ፣ በሰባት ዓመቷ ገደማ፣ መጥታ አዲስ አበባ አያቴ ቤት ያደገች ናት። ቀበሌ መታወቂያ ሲሰጥ ጸሐፊው የአባቷን ስም ቢጠይቅ፣ አባቴ "የኔን አባት ስም ጻፍላት" አለ፤ ስለዚህ በመታወቂያው አክስቴ ናት። እኔም አሜሪካ ስገባ የቤተሰብ ስም አምጪ ሲሉኝ ያንኑ የአያቴን ስም ነው የሰጠሁት። "ሶ፣ እኔና እሷ በእናንተ አቆጣጠር አንድ ቤተሰብ ነን" አልኳቸው፤ "አባቴ እንደዚህ ደግ ሰው ነበር።" ሽማግሌው ፈገግ አሉ። "የእኔም ሰዎች ለቤታቸው ሰው ደጎች ነበሩ" አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አቧራ ስጠርግ ከአንድ ሰማያዊ ፎልደር ውስጥ ያረጀ ወረቀት ወደቀብኝ። ላነሳው ስል ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት። "ይሄ አይጠቅምም" ብለው መልሰው ከተቱት። ነገሬም አላልኩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ኤርፖርት የሚያሠራኝ አለቃዬ ባጁ ላይ የተጻፈው ስም ያው የሽማግሌው ስም ነበር። በየቀኑ ደረቱ ላይ አየዋለሁ፤ ግን አስቤበት አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው ሐኪም ዘንድ ደርሰው መጥተው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው "እንግዲህ በእኔ አበቃ" አሉ። አንጀቴን በሉት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ "ኧረ አላበቃም" አልኳቸው። "አለቃዬ በእርስዎ ስም ነው የሚጠራው። ሉዊዚያና ነው የተወለደው። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉት።"

እንደዚያ ሲነሱ አይቻቸው አላውቅም። ምን ይመስላል አሉኝ። ረጅም ነው፣ መልኩ ቀላ ያለ ነው፣ አፍንጫው የእርስዎን ይመስላል አልኳቸው። ውሸት አይደለም። አለቃዬ እኛ ቀይ የምንለው ዓይነት ሰው ነው። እናቴ ቀይ፣ አባቴ ጥቁር፣ እኔ ጠይም፤ እኛ ቤት መልክ ማለት ይህ ነው። አሜሪካ ሰውየውን ጥቁር እንደሚለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ለዝምድና ግን እንቅፋት ይሆናል ብዬ አልተጠራጠርኩም። ባርነት እንደነበረም አውቃለሁ። ከባጅ ላይ ስም ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። የኔ ሐሳብ አጭር ነበር፤ ስም አንድ ከሆነ ወደ ኋላ ሲቆጠር አንድ አባት ላይ መገናኘቱ አይቀርም።

ሽማግሌው ወዲያው ትልቁን የዘር ሐረግ ቻርት ዘረጉ። ከታች ጥግ ላይ በማስመሪያ ሦስት ሳጥን ሠሩ። "የልጆቹን ስም እሁድ እሞላዋለሁ፤ አምጪው" አሉኝ።

ሰኞ ምሳ ላይ አለቃዬ አጠገብ ተቀምጬ "ዘመድህን አገኘሁልህ" አልኩት። የሽማግሌውን ስም ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ።

"ነጭ ነው?" አለኝ።

"አዎ።"

"ሉዊዚያና የት?"

ወንዙንም የሸንኮራውን ቦታም ነገርኩት። ሳንድዊቹን አስቀመጠ። "አንቺ ሴት፣ ምን እያደረግሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ሰው ከዘመዱ እያገናኘሁ ነዋ አልኩት። አየኝ፣ አየኝና ለመሳቅ ሞከረ፤ አልወጣለትም። መሄድ አልፈልግም አለ። በኋላ ግን፣ ልንነሳ ስንል፣ "ወረቀት አለው ነው ያልሽው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጠረጴዛ ሙሉ አልኩት። ያን ጊዜ ነገረኝ። እነሱ ቤት የሚቆጠረው እስከ አምስተኛው አባት ድረስ ነው። የዚያን ሰው እናት ስም የሚያውቅ የለም። የአለቃዬ አባት እስኪሞት ያንን አንድ ስም ሲፈልግ ኖረ፤ ሳያገኘው ሞተ። እኔ በስደት ጠፍቶባቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሱፍ ልብሱ መጣ፤ መኪናውን ደጃፉ ላይ ካለው የፔካን ዛፍ ሥር ፓርክ አደረገ። ሽማግሌው ከረባት አሥረው በር ላይ ቆመው ነበር። አዩት። ከዚያ ከትከሻው በላይ አሻግረው መኪናውን አዩ፤ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠበቁ። የወረደ የለም። ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ እንዴት እንደጠፋ አሁን ድረስ አልረሳውም። ለአንዱ "እሳቸው ናቸው"፣ ለሌላው "እሱ ነው" እያልኩ እቀባጥራለሁ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

በረዶ ያለበት ሻይ ቀዳሁ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ያቀራረብኳቸው መስሎኝ "በሉ እንቁጠር፤ እኛ አገር ሰባት ቤት እንቆጥራለን" አልኩ። አለቃዬ እኔን ላለማሳፈር ይመስለኛል ቆጠረ። አባቱን፣ አያቱን፣ እያለ አምስተኛው ላይ ቆመ። "እሱ የተወለደው ሸንኮራው ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱ ትላልቅ ዛፎች ያሉበት።" ስለ ሁለቱ ዛፎች ሽማግሌው ስንት ጊዜ አጫውተውኛል። "አላልኩም?" አልኩ፤ በደስታ አጨበጨብኩ፤ ዛሬ ሳስበው እጄን ቁረጪው ቁረጪው ይለኛል።

"የምፈልገው እናቱን ነው" አለ አለቃዬ። "ስሟን ብቻ።"

"የእኔ ወረቀት የእኛን ሰዎች ብቻ ነው የያዘው" አሉ ሽማግሌው።

"ዝርዝር ይኖራል። ሁልጊዜ ዝርዝር ነበር።"

"የለም" አሉ።

እኔ ረስተውት መሰለኝ። የሽማግሌ ነገር፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ የሚፈልግ ሰው ነው። "ሰማያዊው ፎልደር ውስጥ ያለውስ?" ብዬ ተነሳሁ። ሽማግሌው አንድ ቃል ተናገሩ፤ አልሰማኋቸውም። አምጥቼ ሁለቱ መካከል አስቀመጥኩት።

አለቃዬ ቀስ ብሎ አነበበው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። በቅሎ። ጋሪ። የስኳር ማፍሊያ ድስት። ከድስቱ ቀጥሎ ሰው። አንዱ ከዚህ ዕድሜ፣ ሌላው ከዚያ ዕድሜ፣ አንዱ እግሩ የሰነከለ። ክው ብዬ ቀረሁ። እሱ ግን አላቆመም፤ ጣቱን እያንሸራተተ ወረደና አንዲት ሴት ላይ ደረሰ። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣ አብሯት የሚጠባ ወንድ ልጅ። የልጁ ስም አሁን አምስተኛ አድርጎ የቆጠረው ስም ነው። የሴትየዋን ስም ሁለት ጊዜ ደገመው።

ከልጁ ስም ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ አንድ ቃል ነበር። "ወንድም?" ይላል። የጥያቄ ምልክት አለበት። የማን ወንድም ልል ስል ፊደሉን አየሁት፤ አራት ማዕዘን ነው። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ቀና ብዬ የሽማግሌውን ቻርት አየሁ፤ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ቦታ የተወለደ ሌላ ወንድ ልጅ አለ። ቅድመ አያታቸው ነው፤ የሁለቱ ልጆች አባት አንድ ሰው ነው ማለት ነው።

እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም፤ ድንበር ስሻገር እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት ባርያ ነበራቸው ብዬ አይደለም። በየሳምንቱ "እኔ ብቻ ቀረሁ" እያሉ ያስለቀሱኝ ሰውዬ በገዛ እጃቸው "ወንድም" ብለው ጽፈው ፎልደር ውስጥ ከተውታል። እሳቸው ወረቀቱን እንጂ እኛን አያዩም። "ይህን ከጻፍኩ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ" አሉ። "እርግጠኛ አልነበርኩም።"

"የጥያቄ ምልክቱን አይቼዋለሁ" አለ አለቃዬ። ከኪሱ የቤተ ክርስቲያን ፕሮግራም ወረቀት አውጥቶ ጀርባው ላይ የሴትየዋን ስም ገለበጠ። ስለ ሻዩ አመስግኖ ተነሳ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ተከትዬው ወጣሁ። ይቅርታ፣ አላወቅኩም፣ ማለቴ፣ እኛ አገር እንደዚህ ዓይነት ነገር፣ እያልኩ እንባዬ ቀደመኝ። የመኪናውን በር ይዞ ቆመ።

"እናንተ አገር ሰባት ትቆጥራላችሁ አይደል?" አለኝ። "ቤታችሁ ያገለግሉ የነበሩትስ ስንት ይቆጥራሉ?"

እኛ እንዲህ አይደለንም ልለው አፌን ከፈትኩ። እቴቴ መጣችብኝ። ለሽማግሌው በኩራት ያወራሁት ሁሉ ቃል በቃል ተመለሰብኝ፤ የአባቴ ደግነት፣ መታወቂያው፣ "አንድ ቤተሰብ ነን" ያልኩት። እሳቸውም ፈገግ ብለው የእኔም ሰዎች ደጎች ነበሩ ያሉኝ። ሁለታችን የተግባባነው ለካ በዚህ ነው። በሕፃንነቷ "መጣች" እላለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ብቻዋን ከደቡብ ምዕራብ ተነስታ አዲስ አበባ ትመጣለች እንዴ? ማን አመጣት? ስንት ዓመት ጉያዋ ሥር ተኝቼ አድጌ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ እኔን ነው።

አለቃዬ መልስ አልጠበቀም፤ ነድቶ ሄደ። ሥራ ላይ ከበፊቱ የተለየ ነገር አላሳየኝም። አንድ ቀን ብቻ ያንን ስም ይዞ እናቱ ዘንድ ሉዊዚያና እንደሄደና እናቱ ቁጭ ብላ እንዳለቀሰች ነገረኝ።

ሽማግሌውም አላባረሩኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሳቸው በር ከፈቱልኝ፤ ስለ እሁዱ ግን ትንፍሽ አላሉም። ታሪኩን መተረክ ተዉ። በመጸው ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ሴት ልጃቸው ቻርቱን ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ "አባቴ ለአለቃሽ ስጪው ብሏል" አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዘረጋሁት። ከቅድመ አያታቸው ጎን አዲስ ስም አለ፣ በቀለም፤ ከሱ ላይም እናቱ፣ ያቺ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። የጥያቄ ምልክት የለውም። ከዚያ መስመሩ በአለቃዬ አቆጣጠር እየወረደ ሦስቱ ሳጥኖች ላይ ይደርሳል። ሦስቱም ባዶ ናቸው። ያን ሁሉ ወራት ስልክ አጠገባቸው ነበር፤ የልጆቹን ስም ለመጠየቅ ግን አልደፈሩም። ስማቸው እንዳይሞት የፈለጉት ሰውዬ ሦስት ስም ሳይጠይቁ ሞቱ። ቻርቱን ለአለቃዬ ስሰጠው ብዙ አየው። ሳጥኖቹን ሞላቸው አልሞላቸው አላውቅም።

እኔ ግን እነዚያ ባዶ ሳጥኖች እንቅልፍ ነሱኝ። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት የስልክ ካርድ ገዝቼ አዲስ አበባ ደወልኩ። እቴቴ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው የምትኖረው። ሰባ ዓመት ይሆናታል እንላለን፤ ዕድሜዋንም የጻፍንላት እኛው ነን። እንደ ልማዷ ምን በላሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ አለችኝ። እኔ ቸኮልኩ።

"እቴቴ፣ አባትሽ ማን ነበር?"

"ያው አያትሽ ናቸዋ።"

"የመታወቂያውን አይደለም። የወለደሽን።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ከዚያ ነገረችኝ። የአባቷን ስም፣ የአባቱን፣ የሱን አባት። ሦስት ስም፣ አንዱም አልተደናቀፋትም፤ ትናንት የተማረችው ነው የሚመስለው። ከዚያ አቆመች።

"እዚህ ድረስ ነው" አለችኝ። "አባቴ አንዱን ሳልይዝ ሌላውን አይነግረኝም ነበር። ሦስተኛውን የያዝኩ ለት አራተኛውን ነገ አለኝ። በነጋታው ከብት ስጠብቅ ወሰዱኝ።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። "ለምን አልነገርሽንም?" አልኳት።

"ማን ጠየቀኝ ልጄ?" አለች። ለወቀሳ አልነበረም፤ የሚጠየቅ መሆኑን ራሱ የማታውቅ ሰው ድምፅ ነው።

ወረቀት ልፈልግ ስል ተዪው አለችኝ፤ በቃልሽ ያዢው። ደገምኩት። ሁለተኛው ላይ ተሳሳትኩ፤ አረመችኝና ከመጀመሪያው አስጀመረችኝ። ካርዱ ሊያልቅ ሲል ሦስቱንም ሳልሳሳት ቆጠርኩላት። እቴቴ ልጅ አልወለደችም። እነዚያን ስሞች ስልሳ ዓመት ያህል ብቻዋን ነበር የምታውቃቸው፤ አሁን ሁለት ሆንን።